በጓሳ ሜዳ የተነጠፈው ነጠላ

ሻረው የአውሮፕላን ማረፊያ ጠባቂ ነበር። ይህን ስል አስፋልትና መስታወት በዓይናችሁ ከመጣ መልሱት። የሻረው ማረፊያ ከደባርቅ የሁለት ቀን የእግር መንገድ ተኪዶ፣ ከአምባራስ ወዲያ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኝ፣ በአንድ ወገን ገደል በሌላው ወገን የገብስ ማሳ የያዘው፣ በርዝመቱ አንድ ሺህ እርምጃ የሚሆን ሣር ነው። ጓሳ ሜዳ ይሉታል። አጥር የለው፣ በር የለው፣ ትኬት ቆራጭ የለው። ያለው ሻረውና ዱላው ብቻ ነበር።

ከዚያ በፊት በቅሎ ነጂ ነበር። ከዳባት ጨው፣ ከደባርቅ ጋዝና ሳሙና እየጫነ ተራራ ለተራራ ሲንከራተት ጉልምስናውን ጨረሰ። በ፲፱፻፹፮ ዓ.ም. አንድ የእርዳታ ድርጅት ሜዳውን ለማስጠረግ ማዕረግ የሚባል ቀጭን መሐንዲስ ሲልክ፣ የመለኪያውን ዕቃ የተሸከሙት የሻረው በቅሎዎች ነበሩ። የአገሩ ሰው በደቦ ወጥቶ ወር ሙሉ ድንጋይ ሲለቅም ከረመ። ሥራው ሲያልቅ ጠባቂ ያስፈልጋል ተባለ፤ ማዕረግ ዞር ብሎ ቢያይ በስም የሚያውቀው ሻረውን ብቻ ነበር። ሹመት እንዲህም ይገኛል።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ጧት ጧት ከገደሉ ጫፍ ወጥተው ሣር ሥር የሚቆፍሩትን ጭላዳዎች ማባረር፣ የሰው ከብት እንዳይገባ መከልከል፣ ፍልፈል ሌሊቱን የቆለለውን አፈር ማስተካከል። ከሁሉም ያስመረረው ፍልፈሉ ነው። ዛሬ የደፈነውን ጉድጓድ ነገ ሁለት ክንድ ፈቀቅ ብሎ ያገኘዋል። «ይኼ ሜዳ የእኔ ነው የሱ?» እያለ አካፋውን ይዞ ሲነታረክ የሚሰማ መንገደኛ ከሰው ጋር የተጣላ ይመስለው ነበር። በሜዳው ራስ ላይ ደግሞ የነፋስን አቅጣጫ የሚያሳይ፣ በእንጨት ጫፍ የታሰረ ባለቀይ መስመር የጨርቅ ቱቦ አለ። ነፋስ ሲገባበት ይነፋል፣ ሲተወው ይንጠለጠላል። የአገሩ ሰው ስም አወጣለት፤ የሻረው ሱሪ። «አያ ሻረው፣ ሱሪዎ ዛሬ ወደ ደባርቅ ይነፍሳል» እያሉ ያልፋሉ። እሱም አይቆጣም፤ ሱሪ ያለው ሰው መሆኑም አንድ ነገር ነው።

ማዕረግ ያሠለጠነው ለሦስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን እንዲህ አለው።

«ሜዳውን ጎርፍ ከቆፈረው፣ ወይም በሌላ ምክንያት ማረፍ ካልተቻለ፣ ነጭ ጨርቅ በመስቀል ቅርጽ መሀል ላይ ዘርጋ። አብራሪው ሲያየው ይመለሳል።»

«በመስቀል?» አለ ሻረው።

«በመስቀል። በሁሉም አገር የታወቀ ምልክት ነው።»

«ጌታዬ፣ መስቀል እኮ ና ማለት ነው እንጂ ሂድ ማለት አይደለም።»

ማዕረግ ሳቀ። «እሱ በቤተ ክርስቲያን ነው አያ ሻረው። በሰማይ ሌላ ነው።»

በሰማይ ሌላ ነው የሚለው ቃል ሻረውን አንገሸገሸው። ይሁን እንጂ ትእዛዝ ነውና ያዘው። በሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴ ላይ ነገሩን ለጎረቤቱ ለአቶ ቢራራ በጨዋታ መሀል ጣል አደረገለት። ቢራራ ሜዳው ሲጠረግ የግጦሹ መሬት የሄደበት፣ ቂሙን በቀስታ የሚያኝክ ሽማግሌ ነበር። ዋንጫውን አስቀመጠና ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣

«መስቀል አይቶ የሚሸሽ ፍጥረት እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው» አለ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሻረው ዞረ። ሻረው ፊቱ ላይ የወረደውን ዓይን ሁሉ አየና፣ «ስቀልድ ነው እኮ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ የራሱ ጆሮ ላይ እንኳን ሳቅ አልመሰለም። በልቡ ግን ወሰነ። ይህ ነገር ከአፉ ከወጣ ሜዳው የሰይጣን ሜዳ ይባላል፤ ሜዳው ከተጠላ መድኃኒቱም ይቀራል፣ እንጀራውም ይቀራል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሻረውም ዝም አለ፤ ለሚስቱ ለስንቅነሽ እንኳን አልነገራትም። ለመሆኑ ይህን ተረት የተረተው ሰው ምን ዓይነት ዝምታ አጋጥሞት ይሆን? እህል በጎተራ ሲነቅዝ ቢያንስ ይሸታል።

ዝምታው አምስት ዓመት ምንም አላጎደለም። አውሮፕላኗ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ከጎንደር እየመጣች መድኃኒትና ክትባት ታወርዳለች፣ የባሰበትን በሽተኛ ይዛ ትሄዳለች። አብራሪው ካፒቴን ኪዳኑ ነገር የማያበዛ፣ ሲወርድ መጀመሪያ ሜዳውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ የሚያይ ሰው ነበር። ሜዳው የጨቀየ ቀን ሻረው ወደ ጤና ኬላው ሮጦ ለሰጠኝ ይነግረዋል። ሰጠኝ የኬላው ጤና ረዳት ነው፤ ሬዲዮ መገናኛው በእሱ እጅ ነው። «ዛሬ አይቻልም» ብሎ ያስተላልፋል፣ አውሮፕላኗም ከጎንደር ሳትነሣ ትቀራለች። ነጩን ጨርቅ ሻረው ከሣጥኑ ሥር እንዳጠፈው ነበር።

ሻረውና ስንቅነሽ አራት ልጅ ወልደው ያደገችላቸው አንዷ፣ የትናየት ናት። ቀልደኛ ናት፣ አባቷን በስም የምትጠራ ደፋር። «ሻረው፣ እኔ ብሞትም በዚያች በምትጮኸው ነገር እንዳታሳፍረኝ፤ ገደሉን በእግሬ ብወርደው ይሻለኛል» ትል ነበር። ከሸንተረሩ በላይ ላለ ደርቤ ለሚባል ገበሬ ተዳረች፤ ከአባቷ ሜዳ የግማሽ ቀን ዳገት ነው። በ፲፱፻፺፩ ክረምት የመጀመሪያ ልጇን አረገዘች።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። ምጧ በመጣ በሁለተኛው ቀን ደርቤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ከሻረው ደጅ ደረሰ። ሰጠኝ ዳገቱን ወጥቶ አያት፤ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«ልጁ በአግድም ነው» አለ። «በእኔ እጅ የሚሆን አይደለም። ጎንደር ካልደረሰች ሁለቱም ያልቃሉ።»

ወደ ደባርቅ የሚያወጣው መንገድ ወንዙ ሞልቶ ተዘግቷል። የቀረው ሰማይ ብቻ ነው። ደርቤ እንደተናገረው፣ የትናየት ራሷ ጥርሷን ነክሳ «ለአባቴ ንገሩት፣ በዚያችው ያሳፍረኝ» ብላ ነበር። ሰጠኝ ሬዲዮውን ከፍቶ ተናገረ። ፀሐይ ከታየ ሁለት ሳምንት ሆኖት በፀሐይ የሚሞላው ባትሪ ተዳክሟል። ከጎንደር «ነገ ጧት ደመናው ከተከፈተ እንመጣለን» የሚለው መልስ እንደደረሰ መሣሪያው ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ቢመቱትም ቢያነሱትም አልተናገረም።

ሻረው የትናየትን በቃሬዛ ለማምጣት ከወንዶቹ ጋር ሊወጣ ተነሣ። ከደጅ ስንቅነሽን ጠራት።

«ነገ ጧት ሰው ይዘሽ ሜዳው ላይ ተገኚ። ከብቱን አስወጡ። አብራሪው ነፋሱን እንዲያየው እርጥብ የጓሳ ሣር አጭሱ።»

«ሌላስ?»

ሻረው ዱላውን አነሣ።

«ሌላ ምንም» አለ።

ይህን ሲናገር ሣጥኑ ሥር ያለው ጨርቅ ትዝ ብሎት ነበር። ይህን ራሱ ከዓመታት በኋላ ነው ያወራው። ትዝ ብሎት፣ አሁን ይህን የማወራበት ጊዜ ነው ወይ፣ ማን መስቀል ይዘረጋል ብሎ ተወው።

በማግሥቱ ጧት ቃሬዛውን ስምንት ሰው እየተፈራረቀ ቁልቁል ያወርዳል። ጭጋጉ ከሥራቸው ተኝቷል። የትናየት ከንፈሯ ነጥቷል፤ ደርቤ ጋቢውን በላይዋ አልብሶ እጇን ይዞ ይሄዳል። ሸንተረሩን ሲጨርሱ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ቆሙ።

«አባዬ» አለች የትናየት። ያን ቀን በስም አልጠራችውም። «መጣልኝ?»

«መጥቷል ልጄ። ይኸው፣ ይሰማሻል?»

ያን ጊዜ ጭጋጉ ተገለጠ። እግዜር በእጁ መጋረጃ የሳበ ይመስል፣ ሜዳው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆኖ ከሥራቸው ወጣ። በሜዳው መሀል ትልቅ ነጭ መስቀል ተነጥፏል። ክንዱ የተካከለ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ከሸንተረሩ ላይ እንኳን እጥፉ የሚቆጠር መስቀል ነው። ሻረው አብራሪው ያየውን ያህል አየው።

ቃሬዛውን ለሌላ ሰጥቶ ሮጠ። የሃምሳ ዓመት ሰው በነሐሴ ጭቃ ቁልቁል ሲሮጥ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ጉልበቱን ድንጋይ ከፈተው። «አንሱት! አንሱት!» እያለ ይጮሃል፤ ድምፁን ሞተሩ ይውጠዋል። አውሮፕላኗ አንዴ ዞረች። ዝቅ ብላ ሁለተኛ ዞረች። ክንፏን ዘንበል አደረገችና ወደ ጎንደር አቀናች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ስንቅነሽ የታዘዘችውን ሁሉ አድርጋለች። ከብቱን አስወጣች፣ ጓሳ አጨሰች። ጭሱ ግን በጭጋጉ ውስጥ መሬት ለመሬት ተኛ እንጂ አልነሣ አለ። የሜዳውን ጠርዝ የሚያሳዩት በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች በዝናቡ ታጥበው ጠቁረዋል። ኪዳን አድርሰው ከሕዝቡ ጋር የመጡት ቄስ ወልደ ሩፋኤል ቀና ብለው አይተው፣ «አብራሪው በምን ያየናል? ነጭ ነገር እናንጥፍለት» አሉ። ስንቅነሽ የመጀመሪያዋ ሆና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ አነጠፈች። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሴቶች ሁሉ ተከተሏት፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ጨመሩ። በምን ቅርጽ እናድርገው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ቄሱ በመቋሚያቸው መስመሩን አሳዩ፣ ሌላው አነጠፈ፤ ነፋስ እንዳያነሣው በየጫፉ ድንጋይ አደረጉበት። ከዚያም ሁሉም በብርድ እየተንቀጠቀጡ፣ በየትናየት ስም እግዚኦ እያሉ ቆሙ። የአገሩ ሰው የሚያውቀውን ትልቁን የፍቅር ቃል ነው መሬት ላይ የጻፈው።

ሻረው ሲደርስ አውሮፕላኗ ድምፅዋ ብቻ ቀርቷል። መስቀሉን በእግሩም በእጁም በተነው። ሴቶቹ ጮኹ። ስንቅነሽ ክንዱን ያዘችው።

«ምን ነካህ? መስቀል ትረግጣለህ?»

ፊቷን አየ። ጭቃ የነካው ነጠላዋ በእጁ ነው።

«ጨርቁ... ጨርቁ ተመልሶ ሲመጣ ነፋስ አንሥቶ ሞተሩ ውስጥ እንዳይከተው ብዬ ነው» አላት።

«ይመለሳል?»

«ይመለሳል። ደመናው አስፈርቶት ነው። ይመለሳል።»

ሴቶቹ ልብሳቸውን ሰብስበው ለበሱ። ሻረው የትናየትን ሜዳው ራስ ላይ፣ ከጨርቅ ቱቦው ሥር አስተኝቶ ቁጭ አለ። ሰጠኝ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። ጭጋጉ ተመልሶ ገባ፤ ሜዳው አሥር እርምጃ የማያሳይ ሆነ። የትናየት ስድስት ሰዓት ገደማ «ተመለሰ?» ብላ ጠየቀች። «እየዞረ ነው» አላት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠየቀችው፤ «እየዞረ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። የፀሐይ መግቢያ ሰዓት ሳይደርስ ሞተች፤ ልጁም አብሮ።

ለቅሶው ላይ ሁሉም ሰው የየራሱን ምክንያት አወራ። አብራሪው ፈሪ ነው አሉ። ደመናው ነው አሉ። እግዜር አልፈቀደም አሉ፤ ቄስ ወልደ ሩፋኤልም «ፈቃዱ ነው፣ እኛ የምንችለውን አድርገናል» ብለው ስንቅነሽን አጽናኗት። እሷም ያንን ቃል ያዘችው። ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «አንጥፌላት ነበር፤ ነጠላዬን አንጥፌላት ነበር» ትላለች። ሻረው ይህን በሰማ ቁጥር ከቤት ይወጣና ፍልፈል ጉድጓድ ይደፍናል። ሊነግራት ይነሣል፣ ፊቷን ያያል፣ ይቀመጣል። ሲነግራት የልጇን መዳኛ የመለሰው ነጠላሽ ነው ማለቱ ነው። ሳይነግራት ደግሞ ያ ነጠላ በየቀኑ ትከሻዋ ላይ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ ተረት እንኳን ዝም አይነቅዝም ከሚለው ይሻላል።

አርባዋ ወጣ፣ መስቀል አለፈ። ሰማዩ ሲጠራ አውሮፕላኗ መጣች። አዲስ ባትሪም ይዛ ነበር። ሰው ተሰብስቧል፤ ስንቅነሽ ማቋን ለብሳ ከሴቶቹ መሀል ቆማለች፤ አብራሪውን ልታኮርፈው ይሁን ልትጠይቀው፣ ለምን እንደመጣች ራሷም አታውቅም። ካፒቴን ኪዳኑ ወርዶ እንደ ልማዱ መሬቱን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ሻረውን ትከሻውን ያዘው።

«ጎበዝ» አለው። «ያን ቀን መስቀሉን ባታነጥፍልኝ ኖሮ እኔም በሕይወት የለሁም ነበር። ሜዳው ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል እኮ፤ ልወርድ ነበር። ጎርፍ ነው የቆፈረው? ማረፍ ክልክል ነው የሚለውን ምልክት እንደዚያ አስተካክሎ የሚያነጥፍ ጠባቂ በሌላው ጣቢያ ሁሉ የለኝም።» ዞር ብሎም ሰዉን አየ። «ታማሚዋስ እንዴት ሆነች? በበቅሎ ደረሰች?»

ቄስ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሰጠኝ ዓይኑን መሬት ጣለ። ስንቅነሽ ካፒቴኑን ሳይሆን ሻረውን አየችው፤ ፊቱ ላይ የምትፈልገውን አገኘችና ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቤት ሲገባ ከመደቡ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሜዳው ከተጠረገ ጀምሮ።»

አልጮኸችም፣ ጥላውም አልሄደችም። ማግሥቱን ቄስ ወልደ ሩፋኤል መጥተው ከደጃፏ ተንበርክከው ይቅርታ ሲለምኗት ክንዳቸውን ይዛ አነሣቻቸው። «ይነሡ አባቴ፣ ይነሡ። እርስዎ መስቀል ነው ያዩ፣ እኔም መስቀል ነው ያነጠፍሁ። በደል የለብዎትም» አለቻቸው። ሻረው ከጓዳ ሆኖ ሰማ። በደል የለብዎትም ያለችው ለማን እንደሆነ፣ ለማን እንዳልሆነም ገባው።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሻረው አፉን መግጠም አቃተው። ለሰንበቴው ተናገረ፣ ቢራራንም ፊት ለፊት ተናገረው፤ ሽማግሌው ዋንጫውን አስቀምጦ አለቀሰ። ለገበያተኛ ተናገረ፣ ለጊች መንደር እረኞች ተናገረ፣ ተራራ ሊያዩ ለመጡ ፈረንጆች በእጁ እያሳየ ተናገረ። ሰው መንገድ ሲጠይቀው እንኳን፣ «በዚህ ሜዳ ነጭ ነገር በመስቀል አታንጥፉ፤ አትረፍ ማለት ነው» ብሎ ነው መንገዱን የሚያሳየው። ልጆች አትረፍ ብለው ስም አወጡለት። የአገሩ ሰው መጀመሪያ አዘነለት፣ ቀጥሎ ሰለቸው፣ በኋላም ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ስንቅነሽ አትቀይርም፤ ባወራ ቁጥር ዝም ብላ ታዳምጠዋለች።

በ፲፱፻፺፱ ድርጅቱ አውሮፕላኗን ተወ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጠጠር መንገድ ከደባርቅ ደረሰ፤ የባሰበት በሽተኛ በመኪና መሄድ ጀመረ። ቀበሌው ሜዳውን ለወጣቶች ለእርሻ አከፋፈለው። መጀመሪያ የታረሰ ዕለት ሻረው ዱላውን ተመርኩዞ ቁልቁል ወረደ፤ ዓይኑ ፈዟል፣ ስንቅነሽ እጁን ይዛዋለች። ሁለት ጎረምሶች በሬ ጠምደው ያ ሁሉ ዓመት የረገጠውን ሣር ይገለብጣሉ። አስቆማቸው።

«ስሙ» አላቸው። «እዚህ ነጭ ነገር በመስቀል አታንጥፉ።»

ጎረምሶቹ ተያዩ። አንደኛው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እናውቃለን አባ። ሕፃናቱም ያውቃሉ» አለ።

«ንገሩ። ለማያውቅ ሁሉ ንገሩ።»

ስንቅነሽ ክንዱን ሳብ አደረገችው። በድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም።

«ሻረው፣ አሁንስ የማያውቅ ሰው የለም። ያን ጊዜ እኔ ብቻዬን ባውቅ ይበቃ ነበር።»